ጎሕ ሲቀድ፦ የሂንዱዎች የማለዳ ሥርዐት ወደ ትምህርት ቤት የገባበት ታሪክ

ተማሪ ወደ ክፍል ሲገባ ይዞት የሚመጣው መጽሐፍና ደብተር ብቻ አይደለም፤ ያሳለፈውንም ማለዳ ይዞ ይገባል። በጥድፊያና በጭቅጭቅ የነጋበት ልጅ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሳያዳምጠው ያልፋል፤ በጸጥታ የነጋበት ልጅ ግን ደወሉ ሲደወል አሳቡ ተሰብስቦ ይገኛል። ይህም መምህር የሆነ ሁሉ በየዕለቱ በዓይኑ የሚያየው ነገር ነው። የጎሕን ሰዓት ለጸጥታ የለዩ ሕዝቦች አያሌ ናቸው፤ የአብነት ተማሪ በዶሮ ጩኸት ተነሥቶ ቀለሙን መቀጸሉ በኢትዮጵያ የታወቀ ልማድ ነው። የሕንድ አገር ሂንዱዎችም ለማለዳው ከጥንት ጀምሮ ዝርዝር ሥርዐት ሠርተውለታል። ይህ ሥርዐት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከወንዝ ዳርና ከቤት ጓዳ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ በገባ ጊዜ አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣበት። ጥያቄውም፦ የአንዱ ሰው ጸጥታ በሌላው ሰው ድካምና ውርደት ላይ ከቆመ ጸጥታ ሊባል ይገባዋልን? የሚል ነው። ታሪኩን ለመምህራን ጠቃሚ የሚያደርገው ይኸው ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የጥንት ሕንዳውያን ሌሊቱንና ቀኑን በ30 ክፍል ከፍለው እያንዳንዱን ክፍል ሙሁርታ ይሉታል፤ አንዱ ሙሁርታ 48 ደቂቃ ይሆናል። ከነዚህ ሁሉ የከበረው ብራህማ ሙሁርታ የሚባለው ሲሆን ፀሓይ ከመውጣቷ 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ በፊት ጀምሮ 48 ደቂቃ ይቆያል። ሥርዐት ጠባቂው ሂንዱ በዚህ ሰዓት ይነቃል። እንደ ነቃም ሁለት መዳፎቹን ይመለከታል፤ እግሩን ከማሳረፉ በፊት ምድርን በእጁ ዳስሶ ስለ መርገጡ ይቅርታ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ጥርሱን አጽድቶ ገላውን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብና ሳንድያ የተባለውን ጸሎት ይጀምራል። ሳንድያ ማለት መጋጠሚያ ማለት ነው፤ ይኸውም ሌሊትና ቀን የሚገናኙበት ሰዓት ነው። በዚህ ጸሎት ሰውየው ጥቂት ውሃ በመዳፉ ይዞ ይቀምሳል፤ ትንፋሹን በዝግታ እየሳበ፣ እየያዘ፣ እየለቀቀ ይቈጥራል፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ በሁለት እጁ ያፈሰውን ውሃ ለፀሓይ ያቀርባል። በመጨረሻም ጋያትሪ የተባለችውንና ከሪግ ቬዳ ሦስተኛ መጽሐፍ የተወሰደችውን ጸሎት በጣቱ ወይም 108 ፍሬ ባለው መቍጠሪያ እየቈጠረ ይደግማታል። ጋያትሪ 24 ክፍለ ቃል ብቻ ያላት አጭር ጸሎት ናት። የልመናዋም ፍሬ ነገር ሀብት ወይም ድል አይደለም፤ የሰው አእምሮ እንዲበራና እንዲነቃ የምትለምን ናት።

ይህ ሥርዐት የሰውን ልብ የሚያሳርፍበት ምክንያት ስውር አይደለም። ተራው ከቀድሞ ጀምሮ የተወሰነ ስለ ሆነ የነቃው ሰው ከምን ልጀምር እያለ አይባዝንም። ሥራው ከአካል ይጀምርና ወደ አሳብ ይሄዳል፤ ውሃው እንቅልፍን ያባርራል፤ ትንፋሽ በዝግታ ሲመላለስ የልብ ምት ይረጋል፤ አጭሩ ቃል በተደጋገመ ጊዜም የተበተነው አሳብ ወደ አንድ ስፍራ ይሰበሰባል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ስለሚደረግም ከጊዜ ብዛት አካሉ ራሱ ይለምደዋል።

ነገር ግን ይህ መልካም ሥርዐት አጥር ነበረው። እንደ ቀድሞው ሕግ ጋያትሪን ለመድገም የሚፈቀድለት ከሦስቱ የበላይ ወገኖች ተወልዶ የተቀደሰውን ፈትል በትከሻው ያሠረ ወንድ ነበር። ሴቶችና የበታች የተባሉት ወገኖች ከዚህ ተከለከሉ። ከሁሉ በታች የተቈጠሩት፣ የማይነኩ ተብለው የተለዩት ሰዎች ደግሞ ጸሎቱ ይቅርና ለመታጠቢያው የሚሆነውን ውሃ ከሌላው ሕዝብ ጕድጓድ እንዳይቀዱ በብዙ ስፍራ ይከለከሉ ነበር። የግቢውን ጥራጊና የሰውን ቈሻሻ የማስወገዱ ሥራ ግን በነርሱ ላይ ወድቆ ነበር። ስለዚህ ንጹሑ ሰው በንጹሕ ግቢ ንጹሕ ጸሎት የሚያደርሰው ሌላው ሰው ስለ ቈሸሸለት ነበር ማለት ነው።

የማለዳውን ሥርዐት ወደ ትምህርት ቤት ካመጡት ሰዎች መካከል ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር በመጀመሪያ ይጠቀሳሉ። በ1873 ዓመት ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ ፈትሉን ካሠሩ በኋላ አባታቸው ደበንድራናት ወደ ሂማላያ ተራራ ወስደዋቸው ነበር። አባትየው ጨለማው ሳይገፍ ልጃቸውን እየቀሰቀሱ የሳንስክሪትን ቋንቋ ሰዋስው ያስጠኗቸው ነበር፤ ፀሓይ ስትወጣ ጸሎት፣ ቀጥሎ በተራራው ላይ የእግር ጕዞ፣ ከዚያም የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ በኋላም እንደ በረዶ በሚቀዘቅዝ ውሃ መታጠብ ነበረባቸው። ታጎር በከተማው ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ውስጥ ተጨንቀው ያደጉና ትምህርታቸውን በዚያ ያልፈጸሙ ሰው ናቸው፤ የተራራውን ማለዳ ግን እስከ እርጅናቸው አልረሱትም።

በ1901 ዓመት በታኅሣሥ ወር ታጎር፣ አባታቸው በቤንጋል አገር በቦልፑር ከተማ አጠገብ ባቀኑት ሻንቲኒኬታን በተባለው ስፍራ፣ በአምስት ተማሪዎች ትምህርት ቤት ከፈቱ። የስሙ ትርጓሜ የሰላም ማደሪያ ማለት ነው። ልጆቹ ጎሕ ሲቀድ ይነሡ ነበር፤ መኝታቸውን አንሥተው፣ ታጥበው፣ ከዛፍ ጥላ ሥር በየምንጣፋቸው ተቀምጠው ይማሩ ነበር። በጧት 15 ደቂቃ፣ በማታም 15 ደቂቃ ለዝምታ ተለይቶ ነበር። ታጎር ስለዚህ ዝምታ በ1917 በታተመ ንግግራቸው የገለጹት አሳብ ለመምህር ሁሉ የሚጠቅም ነው። ሰዓቱ እንዲከበር አጥብቀው ያዝዙ ነበር፤ ልጆቹ ግን የሚጸልዩ መስለው እንዲታዩ አልፈለጉም። ልጁ ስለ እግዚአብሔር በማሰብ ፈንታ በዛፉ ላይ የሚሯሯጡትን ሽኮኮዎች ሲመለከት ቢቈይም እንኳ፣ ራሱን ገዝቶ ዝም ማለቱ ይበቃቸው ነበር። በዚህም መምህሩ ሊያዝዝበት የሚችለውን ነገር ሊያዝዝበት ከማይችለው ለዩ፤ አካል በትእዛዝ ጸጥ ይላል፤ ልብን ግን ማዘዝ ግብዝነትን ያስተምራል።

የሻንቲኒኬታን ጸጥታ ግን አንድ ጕድለት ነበረበት። ልጆቹ ከዛፍ ሥር ዝም ብለው ሲቀመጡ ምግባቸውን የሚሠሩላቸውና ዕቃቸውን የሚያጥቡላቸው ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ይህን ያነሡት በ1915 ዓመት በየካቲት ወር ወደ ስፍራው የመጡት ሞሃንዳስ ጋንዲ ናቸው። ጋንዲ በደቡብ አፍሪቃ በናታል አገር በ1904 ባቋቋሙት ፊኒክስ በተባለው መንደር ያደጉት ልጆች አስቀድመው መጥተው በታጎር ትምህርት ቤት ተቀምጠው ነበር። በአፍሪቃ ምድር የተማሩት ሥርዐት ማልዶ መነሣትን፣ መጸለይን፣ በገዛ እጅ ማረስንና መጥረግን ያጣመረ ነበር። ጋንዲ መምህራኑንና ተማሪዎቹን ሰብስበው ወጥ ሠሪዎቹን ትተው ሥራውን ራሳቸው ቢሠሩት እንዴት እንደሚሆን ጠየቋቸው። ከመምህራኑ አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሌሎቹ ግን ወደዱት። ታጎርም መምህራኑ ከፈቀዱ እንደማይቃወሙ ገለጹ። መጋቢት ወር በገባ በ10ኛው ቀን 125 ያህል ልጆች ከመምህሮቻቸው ጋራ ሥራውን ጀመሩ። አንዱ ቡድን አትክልት ከተፈ፤ ሌላው እህል ለቀመ፤ ሌላው ወጥ ቤቱንና አካባቢውን ጠረገ፤ ዕቃ የሚያጥቡት እንዳይሰለቹም ሲታር የሚመቱላቸው ልጆች ነበሩ። ሙከራው ብዙ ጊዜ ሳይቈይ ቀርቷል፤ መታሰቢያው ግን አልቀረም። መጋቢት 10 ቀን ሠራተኞቹ የሚያርፉበት፣ ተማሪና መምህር መጥረጊያ የሚይዙበት ዕለት ሆኖ በዚያ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ሲከበር ኖሯል።

የሁለተኛው ፈተና ስፍራ በምዕራብ ሕንድ በአሕመዳባድ ከተማ አጠገብ የሚገኘው ኮችራብ ነው። ጋንዲ በግንቦት 25 ቀን 1915 በዚያ አሽራም፣ ማለት የጸሎትና የሥራ ማኅበር፣ መሠረቱ። ጥቂት ወራት እንዳለፈ ዱዳብሃይ የተባሉ በቦምቤይ መምህር የነበሩ ሰው ከባለቤታቸው ከዳኒቤንና በዳዴ ከምትሄደው ልጃቸው ከላክሽሚ ጋራ በማኅበሩ ውስጥ ለመኖር ጠየቁ። ቤተ ሰቡ የማይነኩ ከተባሉት ወገን ነበር። የማኅበሩን ደንብ ለመጠበቅ ቃል ስለ ገቡ ተቀበሏቸው። ወዲያው ችግሩ ከማለዳው ውሃ ተነሣ። ጕድጓዱ የቤቱ ባለቤት ድርሻ ያለበት ስለ ነበረ ውሃ የሚቀዳው ሰው ከማኅበሩ ባልዲ የሚፈናጠቀው ጠብታ ያረክሰኛል ብሎ ይሰድባቸውና ዱዳብሃይን ያጕላላቸው ጀመር። ጋንዲ ግን ስድቡን ታግሠው ውሃቸውን መቅዳት እንዳይተዉ ለሁሉም ነገሩ። መልስ የማይመልሱለት መሆኑን ባየ ጊዜ ሰውየው አፍሮ ተወ። በማኅበሩ ውስጥም ቅሬታ ነበር፤ የጋንዲ ባለቤት ሳይቀሩ ቤተ ሰቡን በደስታ አልተቀበሏቸውም። ከውጭ ይመጣ የነበረው የገንዘብ እርዳታም ፈጽሞ ተቋረጠ። ለሚቀጥለው ወር ምንም ገንዘብ እንደማይኖር በታወቀ ጊዜ ጋንዲ ማኅበሩን የማይነኩ ወደ ተባሉት ሰዎች ሰፈር ለማዛወር ቈረጡ። ከዚህ በኋላ ከአሁን በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ያዩዋቸው ባለጸጋ በአውቶሞቢል ከበሩ ደርሰው 13,000 ሩፒ በእጃቸው ሰጥተው ሄዱ፤ በዚህም ማኅበሩ ካለበት ሳይነቀል ቀረ።

ማኅበሩ በ1917 ዓመት ወደ ሳባርማቲ ወንዝ ዳር ከተዛወረ በኋላ የማለዳው ሥርዐት በዝርዝር ተወሰነ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደወል ይደወላል፤ ከ10 ሰዓት ከሩብ እስከ 11 ሰዓት ሩብ ጉዳይ የኅብረት ጸሎት ነው፤ ከ11 ሰዓት ጀምሮ መታጠብ፣ አካልን ማፍታታትና ጥናት ይሆናል፤ ከቍርስ በኋላ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል የእጅ ሥራ፣ ትምህርትና የግቢ ጽዳት ይደረጋል። በዚህ ሰሌዳ ላይ ጸሎቱ ከ30 ደቂቃ እንደማይበልጥ፣ መጥረጊያውም ከመጽሐፉ ጋራ በአንድ መስመር እንደ ተጻፈ ልብ ሊሉት የሚገባ ነው። ለጥቂቶች ተለይቶ የነበረው ማለዳ በዚህ ግቢ ለወንድና ለሴት፣ ለበላይና ለበታች ሁሉ ተከፈተ። በኋላ ዘመንም ከሂንዱ መጻሕፍት ሌላ ከቍርኣን፣ ከክርስቲያን መዝሙርና ከዘራቱስትራ መጽሐፍ የተወሰዱ ጸሎቶች ተጨመሩበት።

ይህ ጸጥታ ከሥራ መሸሻ እንዳልነበረም ታሪክ ይመሰክራል። መጋቢት 12 ቀን 1930 ጋንዲና 78 ተከታዮቻቸው እንደ ወትሮው የማለዳውን ጸሎት ካደረሱ በኋላ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ከሳባርማቲ ተነሥተው በእግራቸው 385 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ። በ24 ቀን ውስጥ ዳንዲ ከተባለችው የባሕር ዳርቻ ደረሱ፤ ሚያዝያ 6 ቀን በማለዳ ጸልየውና በባሕሩ ታጥበው፣ የእንግሊዝ መንግሥት የከለከለውን ጨው ከምድር አነሡ። በየመንደሩ ሲያድሩም የጸሎቱ ሰዓት አልታጐለም ነበር።

በምሥራቅ አፍሪቃ ከተሞች የሂንዱ ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋራ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይማራሉ፤ ከ1941 ዓመት በኋላም ብዙ ሕንዳውያን መምህራን፣ ምንም እንኳ አያሌዎቹ ክርስቲያኖች ቢሆኑ፣ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች አገልግለዋል። ስለዚህ የዚህ ሥርዐት ታሪክ ለዚህ አካባቢ መምህራን ባዕድ አይደለም። ከታሪኩ ለመማር ግን የሂንዱዎችን እምነት መያዝ አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ በገዛ እምነቱና በገዛ ልማዱ ጸንቶ ሊማርበት ይችላል። ሰዓቱ የማይለዋወጥ ይሁን፤ ሥራው ከአካል ይጀምር፤ ዝምታው አጭርና ከግብዝነት የራቀ ይሁን። ልጆች ዝም እንዲሉ የሚያዝዘው መምህርም አስቀድሞ እርሱ ዝም ብሎ ይቀመጥ።

ከዚህም በላይ የሆነው የኮችራብ ጕድጓድ ትምህርት ነው። በየትምህርት ቤቱ ጸጥ ብሎ የሚሰለፍ ተማሪ ሲታይ፣ ከሰልፉ ውጭ የቀረው ማን እንደ ሆነ መመልከት የመምህር ግዴታ ነው። ውሃ ቀድታ እንጨት ለቅማ ከሩቅ በመምጣቷ የምታረፍደው ልጅ፣ በድኽነቱ ወይም በወገኑ ምክንያት ጓደኞቹ አጠገቡ ለመቀመጥ የሚጸየፉት ልጅ፣ ሌላው ሳይነቃ ግቢውን ጠርጎ የሚጨርሰው ዘበኛ፣ እነዚህ ሁሉ የዚያ ማለዳ ባለቤቶች ናቸው። ዱዳብሃይ የተባሉት መምህር ባልዲያቸውን ይዘው ስድቡን ታግሠው ወደ ጕድጓዱ በሄዱ ቍጥር የማኅበሩ ጸሎት በቃል የሚናገረውን በሥራ ይፈጽሙት ነበር።