ማኅደሩ በማን እጅ ነው? ከመቅደላ እስከ «ክላውድ» የሰነድ ጥበቃ ታሪክ



ካልጋሪ ውስጥ በምሠራበት ጠረጴዛ ላይ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ጥቁር ሳጥን ተቀምጧል። 4 ቴራባይት የሚይዝ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። በውስጡ ለዶክትሬት ጥናቴ ፎቶግራፍ ያነሣኋቸው የቆዩ የዋጋና የግብር መዛግብት፣ የቤተሰባችን የሠርግና የልቅሶ ቪዲዮዎች፣ እንዲሁም አባቴ ከማረፉ በፊት ስለ ልጅነቱ ያጫወተኝ የሰባት ሰዓት ያህል ድምፅ ይገኛል። ላፕቶፔ ይህን ሁሉ የመሸከም ዐቅም የለውም። በየከተማው ያሉ ወገኖቻችን ቤት ውስጥ፣ በቁም ሣጥን ወይም በመሳቢያ ተቀምጦ፣ ይህን መሰል ሳጥን እንደማይጠፋ እገምታለሁ።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን የክላውድ ማከማቻ አገልግሎቶች በእንዲህ ያለ ዲስክ የሚገለገለውን ሰው የሚያውክ ለውጥ አድርገዋል። ጉዳዩ ከላይ ሲታይ የባለሙያዎች ብቻ ይመስላል። በእኔ እምነት ግን አሮጌ የሆነ የኢኮኖሚ ታሪክ ጥያቄ ነው፤ የጽሑፍ ቅርስ በማን እጅ ይቀመጥ፣ የማስቀመጫውንስ ሕግ ማን ይወስን የሚለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ፎልደሩ ሲዛወር

ድሮፕቦክስ በ2007 ሲመሠረት ለተጠቃሚው የገባው ቃል ቀላል ነበር። በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፎልደር ይኖራል፤ በውስጡ የተቀመጠው ሁሉ በኢንተርኔት በኩል ወደ ኩባንያው ማከማቻ ይገለበጣል፤ በሌላ ኮምፒውተርም ላይ ይታያል። ፎልደሩ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ባለቤቱ ነበር። የላፕቶፑ ማከማቻ የጠበበበት ሰው ፎልደሩን ወደ ኤክስተርናል ዲስክ አዛውሮ መሥራት ይችል ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው፣ የቪዲዮ አቀናባሪው፣ ሙዚቀኛውና ተመራማሪው በዚሁ መንገድ ሥራቸውን አደራጁ። ስሌታቸው ትክክል ነበር፤ ሰፊ የውስጥ ማከማቻ ያለው ኮምፒውተር ከመግዛት ይልቅ አነስተኛውን ገዝቶ ዲስክ መጨመር እጅግ ይረክሳልና።

ቆይቶ ሌላ ዘዴ መጣ። የፋይሉ ስምና ምልክት ብቻ በኮምፒውተሩ ላይ ይታያል፤ ይዘቱ በኩባንያው ዘንድ ይቆይና ሲከፈት ይወርዳል። ይህን በማክ ኮምፒውተር ላይ ለማድረግ ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሚገባ ተጨማሪ ፕሮግራም ያስፈልግ ነበር። አፕል እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ለደኅንነትና ለመረጋጋት አደጋ ናቸው በማለት በ2019 ቀስ በቀስ የማስቀረት ጉዞ ጀመረ። በመጋቢት 2022 በወጣው ማክኦኤስ 12.3 ድሮፕቦክስና የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ ይሄዱበት የነበረው መንገድ ተዘጋ። በምትኩ «ፋይል ፕሮቫይደር» የተባለውን የአፕልን መንገድ መከተል ግድ ሆነ።

አዲሱ መንገድ የራሱ ሥርዓት ነበረው። የድሮፕቦክስ ፎልደር የሚቀመጠው አፕል በመደበው የውስጥ ዲስክ ስፍራ ብቻ ሆነ። ፎልደሩን በኤክስተርናል ዲስክ ላይ ያኖረ ሰው ሁለት ምርጫ ቀረበለት፤ ወይ ሁሉንም ሊይዘው ወደማይችል ዲስክ ማምጣት፣ ወይ አብዛኛውን ስሙ ብቻ የሚታይ ፋይል ማድረግ። እዚህ ላይ ስውር አደጋ አለ። ስሙ ብቻ የቀረ ፋይል ያለበትን ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ መጠባበቂያ ያዝኩ የሚል ሰው፣ ከስም በቀር ምንም ላይዝ ይችላል።

አፕል በ2024 መስከረም በወጣው ማክኦኤስ 15 ፋይል ፕሮቫይደር ኤክስተርናል ዲስክን እንዲቀበል አደረገ። በሩ እንደገና ተከፈተ ማለት ነው። ይሁንና በሩን የዘጋውም የከፈተውም ተጠቃሚው አልነበረም፤ ክፍያ የሚቀበለው የክላውድ ኩባንያም እንኳ አልነበረም።

መጽሐፍና ጠባቂው

አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ የነበራቸው መልስ ተቋማዊ ነበር። የብራና መጽሐፍ በቆዳ ማኅደሩ ገብቶ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ ኀላፊነቱ የታወቀ ሰው ይጠብቀዋል። የርስትና የጉልት ስጦታዎች በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፉ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የተቀደሰውን መጽሐፍ ፍቆ ለመለወጥ የሚደፍር ጥቂት ነውና። የሰነዱ ዋስትና ከቀለሙ ጥራት ይልቅ በጠባቂው መታመን ላይ ቆሞ ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሊሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ወደ 1,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ከየገዳማቱ አሰባስበው እንደነበር ይነገራል። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ይህ ሀብት በአንድ ስፍራ ተከማችቶ ተገኘ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ፤ በደላንታ ሜዳ ለወታደሮች ተጫረተ። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። በየደብሩ ተበትኖ የነበረው መሰብሰቡ ለጥናትና ለክብር ጠቅሞ ሊሆን ይችላል፤ ለዘራፊ ግን ሥራውን አቀለለት።

በ1872 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከተወሰዱት መካከል ክብረ ነገሥትና «ኵርዓተ ርእሱ» የተባለው ሥዕል እንዲመለሱላቸው ወደ ለንደን ጻፉ። ሙዚየሙ ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ስለነበሩት አንዱን መለሰ። ሥዕሉ ግን ከጦሩ ጋር በዘመተው የሙዚየሙ ወኪል የግል ይዞታ ውስጥ ስለነበር አልተመለሰም። ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እወስዳለሁ። ሁለተኛ ቅጂ ያለው ነገር የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ዕቃው በሌላው እጅ ከገባ በኋላ ግን ንጉሠ ነገሥትም ቢሆን አመልካች ነው።

ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ። በሜኒሶታ ከሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋር በተደረገ ትብብር ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተቀረጹ። የሥራው ብልሃት መጽሐፉ ከአገር ሳይወጣ ምስሉ እንዲወሰድ መደረጉ ነበር። ቅጂው አዲስ አበባም አሜሪካም ተቀመጠ። በደርግ ዘመን መጀመሪያ በጥይት ቆስለው በተሽከርካሪ ወንበር የቀሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ ስደት ላይ ሆነው የእነዚህን መጻሕፍት ካታሎግ ለዐሥርት ዓመታት ያዘጋጁት ከዚያው ከሜኒሶታ ነው። ዋናው በባለቤቱ ዘንድ ባይቀር ኖሮ ሥራው ሌላ መቅደላ ይሆን ነበር፤ ቅጂው በሌላ አገር ባይኖር ኖሮ ደግሞ አብዮትና ጦርነት ብዙውን ከተመራማሪው ዐይን በሰወሩት ነበር።

ካልጋሪ፣ ሐምሌ 2012

ክላውድ ማለት ደመና ነው፤ ቃሉ ግን ያሳስታል። ክላውድ በምድር ላይ የቆመ፣ መብራትና ማቀዝቀዣ የሚሻ ሕንፃ ነው። ይህን የካልጋሪ ነዋሪ ከማንም በፊት ሊያውቅ ይገባል። ሐምሌ 11 ቀን 2012 በመሀል ከተማችን በሚገኘው ሾው ኮርት ሕንፃ ውስጥ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ፈነዳ። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውኃ የተጠባባቂውን የኀይል ሥርዓት ጭምር ጎዳው። በሕንፃው ውስጥ የነበረው የመረጃ ማዕከል ሲቆም የአልበርታ መንግሥት አገልግሎቶች ተስተጓጎሉ፤ ስልኮች ጠፉ፤ የክፍለ ሀገሩ የጤና አገልግሎትም ቀዶ ሕክምናዎችን ለማስተላለፍ ተገደደ።

በዓመቱ፣ በሰኔ 2013፣ የቦውና የኤልቦው ወንዞች ሞልተው ከተማዋን አጥለቀለቁ። ምድር ቤት የተቀመጠ አልበም፣ ካሴትና ዲስክ ያለው ሰው፣ ቅጂው ከቤቱ ውጭ ካልነበረ፣ መልሶ ሊያገኘው አልቻለም። የመጀመሪያው አደጋ ማዕከሉን ብቻ ማመን፣ ሁለተኛው ደግሞ ቤትን ብቻ ማመን የሚያስከትለውን ኪሳራ አሳይተውናል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክላውድን ማውገዝ አይደለም። ሃርድ ዲስክ ይወድቃል፣ ያረጃል፣ ይሰረቃል። አፕልም ስለ ደኅንነት ያቀረበው ምክንያት መሠረት ያለው ነው።

ርስት ወይስ ጭሰኝነት?

ኢኮኖሚስቶች ግሮስማንና ሃርት በ1986 ባሳተሙት ጥናት አንድ ጠቃሚ ሐሳብ አቅርበዋል። ማንኛውም ውል የወደፊቱን ሁሉ አስቀድሞ ሊዘረዝር አይችልም፤ ስለዚህ ባለቤት ማለት ውሉ ዝም ባለበት ጉዳይ የመወሰን መብት ያለው ነው። የሰው ማንነት የሚለየው ያልታሰበ ነገር ሲመጣ ነው እንደማለት ነው።

ይህን የእኛ አገር ሰው በመሬት ያውቀዋል። በሰሜኑ የርስት ሥርዓት ባለርስቱ ከአቅኚ አባቱ በዘር የወረደ መብት ነበረው፤ ጉልተኛው ግብር ይሰበስባል እንጂ፣ በመርሕ ደረጃ፣ ጉልተኛ በተለወጠ ቁጥር ባለርስቱ ከመሬቱ አይነቀልም። ጭሰኛው ግን ሌላ ነው። መሬቱን ዕድሜ ልኩን ቢያርስም፣ ባለመሬቱ ሐሳቡን ሲለውጥ ጓዙን ጠቅልሎ ሊወጣ ይችላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ያን ሁሉ ሕዝብ አደባባይ ያወጣው፣ «የምታርሰው ያንተ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስሜት ብቻ ሳይሆን እህል ስለሆነ ነው።

የክላውድ ተጠቃሚ በፋይሉ ይዘት ላይ ባለርስት ነው፤ ውሉም ይህን አይክድም። በማስቀመጫው ሥርዓት ላይ ግን ጭሰኛ ነው። በ2022 እና በ2023 የሆነው ይህን ልዩነት ገለጠው። ማንም ፋይል አልወረሰም፤ ፋይሉ የት ሊቀመጥ እንደሚችል የሚወስነው ሥርዓት ግን በአንድ ማሻሻያ ተለወጠ። አልበርት ሂርሽማን በ1970 እንዳብራራው፣ ያልተደሰተ ደንበኛ ያለው መንገድ ወይ መውጣት ወይ መናገር ነው። በዲስኩ ላይ ብዙ ቴራባይት የከመረ ሰው መውጣት ይከብደዋል፤ ሁሉን አውርዶ ወደ ሌላ ኩባንያ እስኪጭን ሳምንታት ያልፋሉ። መውጣት የከበደው ሰው የመደራደር ጉልበቱ ያንሳል።

አገር ቤት ሲታይ

ጉዳዩ ለእኛ ከሌላው ካናዳዊ ይልቅ የሚከብደው ቤተሰባችን በሁለት አገር ስለተከፈለ ነው። በሰኔ 2020 መጨረሻ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ቆየ። ትግራይ ከኅዳር 2020 በኋላ፣ አማራ ክልል ደግሞ ከነሐሴ 2023 በኋላ ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል። በእነዚያ ወራት ይዘቱ በክላውድ፣ ስሙ በኮምፒውተሩ የቀረ ፋይል ለባለቤቱ እንደሌለ ይቆጠር ነበር፤ በእጅ ያለ ዲስክ ግን መብራት እስካለ ድረስ ይሠራል።

ክፍያውም ሌላ ጣጣ ነው። የክላውድ ኪራይ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ በሐምሌ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲተው ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደረሰ። በወር 10 ዶላር የሚከፈልበት ማከማቻ ከ570 ብር ወደ 1,000 ብር አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ በብዙ ቤት ከፋዩ ውጭ ያለው ልጅ ነው። የእርሱ ካርድ ጊዜው ሲያልፍ ወይም እርሱ ሲያርፍ የእናቱ ፎቶግራፍ ምን እንደሚሆን ማንም አልተነጋገረም። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ውስጥ በፍላሽና በሃርድ ዲስክ ፊልምና መዝሙር እየጫኑ የሚሸጡ ሱቆች ለዓመታት የቆዩት ሕዝቡ ከዘመን ወደ ኋላ ስለቀረ አልነበረም፤ ያለውን ዋጋና ያለውን አደጋ በትክክል ስላሰላ ነበር።

ምን ይደረግ?

የታሪኩ ድምር ግልጽ ነው። በአንድ ስፍራ የተከማቸ በአንድ ቀን ይጠፋል። ቅጂው ሩቅ ያለ ይተርፋል። የማስቀመጫውን ሥርዓት የሚወስነው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ያ ማስቀመጫ ብቸኛው ሊሆን አይገባም። ባለሙያዎች ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዐይነት መሣሪያ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚሉት ደንብ ከዚህ ጋር ይስማማል። አንድ ነገር ልጨምርበት፤ ማመሳሰል መጠባበቂያ አይደለም። በአንዱ ኮምፒውተር ላይ የጠፋው በሌላውም ይጠፋልና ቢያንስ አንዱ ቅጂ ከማንም ጋር የማይመሳሰል፣ ተነቅሎ የተቀመጠ መሆን አለበት።

እኔ በዚህ ክረምት ይህን አደረግሁ። አንዱን ቅጂ በክላውድ ተውኩት፤ ምቾቱን አልክድም። ሁለተኛው በጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ እያንዳንዱን ፋይል ከፍቼ ስም ብቻ አለመሆኑን አረጋግጫለሁ። ሦስተኛውን ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ ጎረቤቴ በእጅ ሻንጣዋ ይዛልኝ ሄደች፤ አሁን ታናሽ እኅቴ ዘንድ ነው። እኅቴ በደረሳት ዕለት ዲስኩን ከፍታ የአባታችንን ድምፅ አብረዋት ላሉት አሰማች። ያን ቀን አገልግሎቱ ተቋርጦ ቢሆን ኖሮም ትሰማው ነበር።

በሚቀጥለው ደብዳቤ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።