ዜና ትምህርት ዘምድረ አሶሳ

ይህ ዜና በአሶሳ ምድር ፊደል ስለቆጠሩ ልጆች፣ ከድንበር ወዲህም ከድንበር ወዲያም ስለተወለዱት፣ የተጻፈ ነው። የነገሥታቱን ዘመቻና የመኳንንቱን ሹመት የጻፉ ብዙዎች ናቸው። ልጆች በየትኛው ዓመት ደብተር እንደያዙ፣ በየትኛውስ ዓመት ደብተራቸውን ጥለው እንደሸሹ በተርታ የጻፈ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ ተረስቶ እንዳይቀር ብዬ እኔ ጻፍሁት።

ዛሬ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ሲባል የሰው ሁሉ ልብ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አምባሳደሮችና ወደ ባለጠጎች ልጆች ይሄዳል። መለኪያው ክፍያው ከሆነ እውነት ነው። መለኪያው የልዩ ልዩ አገር ልጆች በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አብረው መቀመጣቸው ከሆነ ግን፣ በሆሞሻ ወረዳ የሱዳን፣ የደቡብ ሱዳንና የኮንጎ ልጆች የተሰበሰቡበት የሸርቆሌ የስደተኞች ሰፈር ስሙ ከማንም በፊት ይገባዋል። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም፤ የሚከተለውን ያነበበ ራሱ ይፍረድ።

በ1894 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ግንቦት 7 ቀን ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ከእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ከጆን ሃሪንግተን ጋር ስለ ሱዳን ወሰን ተዋዋሉ። ራስ መኮንን ወደ ቤኒሻንጉል ዘምተው አገሩን ያስገበሩት ከዚያ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ነበር፤ በአሶሳም ሸህ ሆጀሌ አልሐሰን ገዥ ሆነው ብዙ ዘመን ኖሩ። በዚያ ውል ስለ ዓባይ ውኃ የተጻፈውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስንት ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። ስለ ልጆቹ ግን ያነሳ የለም። የወሰኑ መስመር የበርታን ሕዝብ ለሁለት ከፍሎ፣ ወንድማማቾችን የሁለት መንግሥት ዜጎች አደረገ። ኩርሙክ የሚባለው ከተማ ዛሬም ወዲህ አንድ፣ ወዲያ አንድ ነው። በወዲያኛው ኩርሙክ የተወለደ ልጅ በአረብኛ ይማራል፤ የወዲህኛው በአማርኛ። በየቤታቸው ግን አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ በሰርግና በደስታቸው ቀንም ያንኑ የቅል መለከት፣ ዙምባራውን፣ ይነፋሉ።

በፈረንጅ 1938 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቲርየር ሚሲዮን ከኩርሙክ በስተደቡብ በምትገኘው ቻሊ በኡዱክ ሕዝብ መካከል ጣቢያ አቆመ። ሜሪ ቢምና ኤሊዛቤት ክሪድላንድ የተባሉ ሁለት ሴቶች የኡዱክን ቋንቋ በጽሕፈት አኖሩት፤ ልጆችም ማንበብ ተማሩ። ይኸው ሚሲዮን በፈረንጅ 1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለሚሲዮናውያን ልጆች ቢንግሃም አካዳሚን ከፈተ። እንግዲህ የሁለቱን ዕጣ ተመልከቱ። የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ አለ፤ የብዙ አገር ልጆችም ይማሩበታል። የቻሊዎቹን መምህራን ግን የካርቱም መንግሥት በ1964 በፈረንጅ ከአገር አስወጣቸው፤ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶም የቻሊ ሰዎች እነርሱ ራሳቸው አገር አጡ። አንድ እጅ ከዘራቸው ሁለት ዘሮች ሁለተኛው በጦር መንገድ ላይ ወደቀ።

በ1977 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ክፉ ድርቅ በሰሜን ሆነ። የደርግ መንግሥትም ከወሎና ከሌሎች አውራጃዎች ብዙ ሕዝብ አንሥቶ በአሶሳ ቀርከሃ መካከል አሰፈረ። በሰፈራውና በአነሣሡ ላይ የተባለው ብዙ ነው፤ እዚህ አላነሣውም። ለዚህ ዜና የሚሆነው የሰፋሪና የበርታ ልጆች ከዚያ ጀምሮ በአንድ ክፍል መቀመጣቸው ነው።

በ1979 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ጦርነት ወደ ቻሊ ደረሰ። የኡዱክ መንደሮች ተቃጠሉ፤ ሕዝቡም ልጆቹን አዝሎ ድንበሩን ተሻገረና በአሶሳ አጠገብ በጾሬ ሰፈረ። እንግሊዛዊቱ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ዌንዲ ጄምስ ይህን ሕዝብ ከስደቱ አስቀድሞ በአገሩ ሳለ ታውቀው ነበር፤ በስደቱም ዘመን እየተከታተለች ቃሉን ከአፉ ሰምታ በመጽሐፍ አኖረችው። ይህች ሴት ባትኖር ኖሮ ከዚህ የምጽፈው ግማሹ ባልተገኘም ነበር።

በጾሬ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው፣ በ1982 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በበጋው ወራት አማፅያን አሶሳን ያዙ፤ የስደተኞቹም ሰፈር ተጠቃ። ሕዝቡ እንደገና ተነሣ። ሸሽተው ወደ ወጡባት ወደ ሱዳን ተመልሰው ገቡ፤ ከዚያም በእግራቸው ወደ ደቡብ ወርደው በጋምቤላ ኢታንግ ደረሱ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ኢታንግም ተበተነችና ወደ ናስር ሸሹ፤ ከናስር ዳግመኛ ወደ ጋምቤላ ተመለሱ። በመጨረሻ በ1993 በፈረንጅ በጋምቤላው ቦንጋ አረፉ፤ የከፋው ቦንጋ አለመሆኑን ልብ ይሏል። በ1979 ሰባት ዓመት የነበረው ልጅ ቦንጋ ሲደርስ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ፊደል የሚቆጠርበት ዕድሜ በመንገድ አለቀ። በቦንጋ ትምህርት ቤት ተከፈተላቸውና ከታናናሾቻቸው ጋር ተቀመጡ። አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶት አንደኛ ክፍል የሚቀመጥ ልጅ እልኸኛ ካልሆነ አይጸናም፤ ብዙዎቹ ግን ጸኑ። የሱዳን የሰላም ስምምነት ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ወደ ቻሊ ተመለሱ፤ ቤትም ሠሩ።

የቻሊ ሰዎች በቦንጋ ሳሉ፣ በ1989 ዓ.ም. በጥር ወር ኩርሙክና ጌሳን በሱዳን ተቃዋሚዎች ጦር እጅ ገቡ። በዚያው በፈረንጅ 1997 ዓ.ም. የሸርቆሌ ሰፈር ተከፈተ። መጀመሪያ የሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ሰዎች ገቡበት፤ በኋላ ከኮንጎና ከታላላቆቹ ሐይቆች አገር የመጡ ተጨመሩ። የኪቩ ልጅና የኩርሙክ ልጅ በሆሞሻ ተገናኙ፤ አንዱ ስዋሂሊኛ፣ አንዱ አረብኛ እየተናገረ በአንድ የኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ይማር ጀመር። ቆይቶም የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የበርታን፣ የጉሙዝንና የሽናሻን ቋንቋዎች በላቲን ፊደል ጽፎ ለትምህርት ማዘጋጀት ያዘ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከወሰኑ ማዶ ለበርታ ልጅ የእናቱ ቋንቋ ከትምህርት ቤት በር ውጭ የሚቀር ነበር።

2003 ዓ.ም.፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ብዙ ነገር የተፈጸመበት ዓመት ነው። መጋቢት 24 ቀን በጉባ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ሐምሌ 2 ቀን ደቡብ ሱዳን ነጻ መንግሥት ሆነች። በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ በደማዚን ተኩስ ተከፈተና ብሉ ናይል እንደገና ነደደ። በተከታዩ ጥቅምት የሱዳን መንግሥት ጦር ኩርሙክን ሲይዝ ስደተኛው በየበሩ ጎረፈ። የቻሊ ሰዎች የሠሩትን ቤት ትተው ዳግመኛ ተሰደዱ፤ አብዛኞቹም በዚህ ጊዜ ወደ ደቡብ ሱዳን ማባን ሄዱ። ወደ እኛ ለመጡት በማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ የቶንጎ ሰፈር፣ በዓመቱ የባምባሲ ሰፈር ተከፈተ። በባምባሲ ከብሉ ናይል የመጡ የኢንገሳና ሰዎች በዙ። ቀጥሎም ጾሬ፣ ከዚያም ጉሬ ሸምቦላ ተጨመሩ። ጾሬ የሚለው ስም በኡዱክ ሽማግሌ ጆሮ ምን እንደሚያሰማ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አሁን በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ስላለው ኑሮ ጥቂት ልበል። ክፍሉ ጠባብ፣ ልጁ ብዙ ስለሆነ ትምህርቱ በፈረቃ ነው። ጠዋት በሰልፍ ሰዓት፣ እንደ አገራችን ትምህርት ቤት ሁሉ፣ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል። ሚኒ ሚዲያ ባለበት ትምህርት ቤት ተማሪ በማይክሮፎን ዜና ያነባል። የፈተና ቀን፣ የክበብ ስብሰባ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የራሽን ቀን ይነገራል። የራሽን ቀን የትምህርት ቤት ዜና የሚሆነው በእንዲህ ያለ ስፍራ ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን እናቱን ሊረዳ የሚቀር ልጅ ይበዛልና። ማይክሮፎን የሚይዘው ልጅ ከሰልፉ ሁሉ ፊት በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ይናገራል፤ የሚሳሳተውን ቃልም ሁሉ ይሰማዋል። በእኔ አስተያየት ልጅን ከፍ ከሚያደርጉት ነገሮች ይህን የሚተካከል ጥቂት ነው።

ልጅን ከክፍል የሚያስቀረው ራሽን ብቻ አይደለም። የቤኒሻንጉል ምድር ወርቅ አለበት፤ አፈር አጥቦ የዕለት ገንዘብ የሚያገኝ ልጅ፣ የአገሬውም ሆነ የስደተኛው፣ ደብተሩን ይተዋል። ልጃገረዶች ደግሞ በጊዜ ይዳራሉ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሽማግሌዎች በየቤቱ እየዞሩ አባቶችን ይለምናሉ። ልመናው አንዳንዴ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም አይሠራም።

በ2011 ዓ.ም. የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ወጣ። ስደተኛ ልጅ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያዊ ልጅ እኩል እንዲታይ ደነገገ። ከልጆች ነገር ጋር ለማመዛዝነው ለእኔ ይህ አዋጅ ከብዙ ታላላቅ አዋጆች ይበልጣል።

በ2014 ዓ.ም. በቶንጎ የሆነው ደግሞ ይህ ነው። ዘመኑ እንደገና ማርቆስ፣ ወራቱ እንደገና በጋ ነበር፤ ከ1982ቱ ሽሽት ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ጉሬ ሸምቦላ በጸጥታ ማጣት ምክንያት እርዳታ ተቋርጦባት በታኅሣሥ ባዶዋን ቀርታ ነበር። ጥር 10 ቀን፣ የከተራ ዕለት፣ በቶንጎ ከተማ ውጊያ ሆነ፤ ከ10 ሺህ በላይ ሰው የነበረበት የስደተኞች ሰፈርም ተዘረፈ፣ ተቃጠለም። ከሁለቱ ሰፈሮች ከ20 ሺህ በላይ ነፍስ ወጥቶ ወደ አሶሳ በኩል ተጓዘ። እናቶች ልጅ አዝለው፣ ልጆች ታናናሾቻቸውን በእጅ ይዘው ብዙ ቀን በእግር ሄዱ። በጾሬ አጠገብ ጊዜያዊ ሰፈር ተዘጋጅቶ ተቀበላቸው። በዚያው ዘመን በክልሉ በመተከል ዞንም ያለው የአገሬው ልጅ ከእነርሱ የተሻለ አልነበረም፤ በዚያ በነበረው ግድያና መፈናቀል ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙው በአማራ ክልል በቻግኒ ራንች ሰፈር በድንኳን ውሎ አድሯል። የስደተኛውና የባለአገሩ ልጅ መከራ በዚያ ጊዜ እኩል ሆነ።

ሰው ስለ እንዲህ ያለ ቀን ሲናገር የሞተውንና የተዘረፈውን ይቈጥራል፤ ይገባልም። እኔ የምጨምረው የክፍሉን ነገር ነው። የተሰደደ ትምህርት ቤት ሕንፃውን ብቻ ትቶ አይሄድም፤ ስም መጥሪያውን፣ የውጤት መዝገቡን፣ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቱን ትቶ ይሄዳል። አምስተኛ ክፍል የነበረ ልጅ በአዲሱ ሰፈር አምስተኛ ክፍል ነበርሁ ሲል ማስረጃው አፉ ነው። የሚያውቀው መምህር አብሮት ከተሰደደ ይመሰክርለታል። መምህሩ በሌላ መንገድ ከሄደ ግን ልጁ ወደ ኋላ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜም ከአንዳንዱ ልጅ ልብ ትምህርት ይወጣል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። በኩርሙክ በር የገቡት በዚህ ጊዜ የገጠር ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ ዩኒቨርሲቲ ጀምረው ያቋረጡ፣ መሐንዲሶችና መምህራን ነበሩባቸው። በፈረንጅ 2024 ዓ.ም. በኡራ አዲስ ሰፈር ተከፈተላቸው። ትናንት የአልጀብራ መምህር የነበረ ዛሬ በኡራ ድንኳን ተቀምጦ ሳለ፣ በአሶሳ ዙሪያ ደግሞ ለአንድ ክፍል ሰማንያና መቶ ልጅ የሚመደብበት ትምህርት ቤት ቢኖር ሁለቱን ማገናኘት የመንግሥትና የእርዳታ ድርጅቶች ሥራ ነው፤ ለዚህ ተጨማሪ ስብሰባ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት የጀመረው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከመላው አገር ተፈታኝ ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ነበር፤ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። የአዲስ አበባ ልጅ የወደቀበትን ይህን ፈተና ያው የቶንጎው ልጅ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ይፈተነዋል፤ ያው ጥያቄ፣ ያው ሰዓት፣ ያው የግማሽ ነጥብ መለኪያ ነው። እኩልነቱ ደግ ነው፤ አይነካ። ነገር ግን በሽሽት ያለፈውን ዓመት የሚክስ የማካካሻ ትምህርት በጾሬ፣ በባምባሲ፣ በሸርቆሌና በኡራ ዓመቱን ሙሉ ይሰጥ። የእያንዳንዱም ልጅ የውጤት መዝገብ አንዱ በትምህርት ቤቱ፣ አንዱ በአሶሳ በክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ አንዱም በአዲስ አበባ በስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ተገልብጦ ይቀመጥ። ዘመነ ማርቆስ በ2018 ዓ.ም. ገብቷል፤ ሥራው ሳይውል ሳያድር ይጀመር።