ዝሆኔ እና ቀይ አፈር

ዝሆኔ እግር የሚያሳብጥ፣ ቆዳውንም የሚያወፍርና የሚያሻክር በሽታ ነው። በቆላ አንዳንድ ቦታዎች ትንኝ የሚያስተላልፈው ትል ያመጣዋል። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ግን መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ ሸክላማ አፈር ነው። ረቂቅ የአፈር ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣሉ፤ ብግነቱ ዓመታት ሲቆይ ቧንቧው ይደፈንና ፈሳሹ እግር ላይ ይጠራቀማል።

ይህ ልዩነት የታወቀው ዘግይቶ ነው። ኡመን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት በየገበያው እየተዞረ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እግር ታየ፤ 2.7 በመቶው ዝሆኔ ነበረበት። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ቢሆንም ጉድለቱ ቀላል አልነበረም። ለምሳሌ በደሴና በወልድያ መካከል ያለችው መርሳ የምትሰበስበው ገበያተኛ ከደጋም ከቆላም የሚመጣ ነው፤ ያበጠ እግር ቢታይ የትኛው መሬት እንዳሳበጠው አይለይም። መራመድ ያቃተው ወይም ሰው እንዳያየው የሚሸሸግ ታማሚ ደግሞ ጭራሽ ገበያ አይወጣም።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ጥያቄውን ከእግር ወደ መሬት አዞረው። በ1970ዎቹ የበሽታውን ሥርጭት ከአፈሩ፣ ከከፍታውና ከዝናቡ ጋር አመሳከረ፤ በታማሚዎች የብሽሽት ዕጢ ውስጥም የሲሊካና የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በሽታውን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር የመደበው በ2011 ነው።

አንድ እርሻ ላይ በባዶ እግር ከሚውሉ ወንድማማቾች አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፍበት ምክንያት በአፈር ብቻ አይፈታም። በ2007 የወጣ የወላይታ ቤተሰቦች ጥናት ተጋላጭነቱ 63 በመቶ ያህል በዘር እንደሚወረስ ገመተ። በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን አነጻጽረው፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚለይበትን የበሽታ መከላከያ ጂኖች ክፍል ከሕመሙ ጋር አገናኙት።

ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ከጂኑ ይልቅ የጠቀመው የበሽታው ሥርጭት ካርታ ነው። በ2013 በ1,315 ቀበሌዎችና መንደሮች 129,959 ሰዎች ተመረመሩ። ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ ይህን መረጃ ለኮምፒውተር የመማሪያ ዘዴ ሰጡት፤ ዘዴው ብዙ ትንንሽ የውሳኔ ዛፎችን በተከታታይ ይሠራል፣ እያንዳንዱም ከፊቱ ያለው የሳተውን ያርማል። ከፍታ፣ ዝናብ፣ የመሬት ሙቀትና የሸክላ መጠን ተደማምረው 34.9 ሚሊዮን ሰው ለበሽታው በተጋለጠ አካባቢ እንደሚኖር በ2015 ታተመ። ገበያ ላይ የማይታየው ማለትም የሰውዬው መኖሪያ መሬት፣ እዚህ የስሌቱ መሠረት ሆነ።

የቦታ ጥያቄው ከዚያ ወዲህ ወደ ቆዳው ውስጥ ገብቷል። በ2016 የስዊድን ተመራማሪዎች ያስተዋወቁት ዘዴ በስስ የሥጋ ቁራጭ ላይ የትኛው ጂን የት እየሠራ እንደሆነ ያሳያል። በ2023 ሶሪያሲስ በተባለው የቆዳ ብግነት ላይ ሲሠራበት፣ ከቁስሉ ርቆ ጤነኛ በሚመስል ቆዳም ለውጥ ተገኝቷል። እግሩ ገና ያላበጠ ግን ተጋላጭ የሆነ ገበሬ ቆዳም እንዲሁ ተለውጦ ይሆን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሕክምናው ግን ከሳሙናና ከውሃ አልራቀም። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ታማሚዎች ላይ የተደረገውና በ2018 የታተመው ሙከራ እግር ማጠብን፣ ቅባትን፣ ማሰሪያን፣ ካልሲንና ጫማን አንድ ላይ ፈተነ። በዓመት ውስጥ ሕመሙ የሚያገረሽበት ጊዜ ሕክምናውን ወዲያው ባገኙት በአማካይ 19.4፣ እንዲቆዩ በተደረጉት 23.9 ሆነ።