ጎንደር ስንል የትኛውን ጎንደር ነው?

ወገኖቼ፣ ብዙ ወጣቶቻችን የቤተሰባቸውን ታሪክ፣ በሱዳን መንገድ የቀሩትንም ስም ጭምር፣ ኮምፒውተር ላይ መመዝገብ ይዘዋል። ደስ ይላል። ግን ለየቦታው አንድ ቋሚ መለያ ቁጥር ካልተሰጠ መዝገቡ ሰውን ይበትናል።

ለምን? ታሪካችንን ተመልከቱ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በጃንሆይ ዘመን አገሩ በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ነበር። በደርግ ጊዜ ጎንደር ክፍለ ሀገር ተባለ። ከ1991 በኋላ ክፍለ ሀገሩ ቀርቶ ሰሜን ጎንደርና ደቡብ ጎንደር የሚባሉ ዞኖች መጡ፣ ወልቃይት ወደ ትግራይ ክልል ገባ፣ ሰሜን ጎንደርም ኋላ እንደገና ተከፋፈለ። ጎንደር ደግሞ ከተማም ናት። ከወልቃይት የመጣ አባት «ጎንደሬ ነኝ» ቢል፣ ልጁ ካርታ አይቶ «ትግራይ» ብሎ ቢመዘግብ፣ ሁለቱም አልዋሹም። ኮምፒውተሩ ግን አባትና ልጅ መሆናቸውን እንጂ አገራቸው አንድ መሆኑን አያውቅም።

የመንደር ስም ይብሳል። አምቦበርን በእንግሊዝኛ ሁሉም በየፊናው ይጽፋታል፤ በዕብራይስጥ ያለ ነጥብ ስትጻፍ አምቦቨር ተብላም ትነበባለች። አንዷ መንደር ሦስት ትሆናለች፤ ከአንድ ቀዬ ወጥተው ሱዳን የቀሩ ዘመዳሞችም በሦስት ቦታ ይቆጠራሉ።

እዚህ አገር ይሄ ነገር ድሮ ተፈትቷል። በስታቲስቲክስ ቢሮው ዝርዝር ኢየሩሳሌም 3000፣ ሀይፋ 4000፣ ቴል አቪቭ 5000 ናት፤ በሩሲያኛም ጻፋት በአማርኛ፣ ቁጥሯ ያው ነው። ለኢትዮጵያ መንደሮች ዊኪዳታና ጂኦኔምስ አሉ። መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ፤ መንደሯ ዊኪዳታ ላይ ከሌለች ራሳችሁ አስገቧት። የራስ ቁጥር መፍጠር ካስፈለገም «በጌምድር» የሚል ምልክት ውስጡ አትክተቱ፤ አስተዳደር ሲቀየር ቁጥሩ ውሸት ይሆናል። ስሞቹ ሁሉ ከነዘመናቸው በቁጥሩ ሥር ይግቡ። ከሁሉ በፊት ግን ሽማግሌው በአፋቸው እንደጠሯት፣ በፊደል ትጻፍ!

ድርጅትም እንዲሁ ነው። ሽማግሌዎቻችን «ኦርት» ሲሉ በ1970ዎቹ መጨረሻ ጎንደር የሠራውን የዓለም ኦርት ማለታቸው ነው። ልጆቻችን ሲሉ የእስራኤል ኦርት ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱ በ2006 ተለያይተዋል፣ ስለዚህ ሁለት መለያ። እዚህ ለተመዘገበ ዓሙታ በ58 የሚጀምረው የመንግሥት ቁጥሩ ይበቃል።

ኡም ራኩባም አለ። በ1980ዎቹ ወገኖቻችን ያለቁበት የሱዳን ካምፕ ነው፤ በ2020 ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች እዚያው ሰፈሩ። ለቦታው አንድ ቁጥር፣ ለካምፑ ግን ሁለት ስጡ።