ስለ አገው ቋንቋዎችና ስለ አንድ ስማቸው

በዳንግላና በእንጅባራ የሚነገረውን ቋንቋ ባለቤቶቹ አውኚ ሲሉት፥ አማርኛ ተናጋሪው አገውኛ ይለዋል። በሰቆጣ የሚነገረውንም ኽምጣንጋን እንዲሁ አገውኛ ይለዋል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህ አንድ ስም ለሁለቱ ይገባ እንደ ሆነ ነው። ነገሩ የስም ክርክር ብቻ አይደለም፤ የአንዱ አገር ልጅ በሌላው አገር መጽሐፍ ሊማር ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚሁ ይነሣልና።

ዝምድናቸው አያጠራጥርም። ስድስት በአውኚም በኤርትራው ብሊንም በቅማንትኛም ውልታ ነው። ሁለት በአውኚ ላንጋ፥ ሰባት ላንጌታ ይባላል፤ (ንጋ ያልነው በአፍንጫ የሚወጣ አንድ ድምፅ ነው)። ሰባት ከሁለት፥ ስምንትም ከሦስት መውጣቱ የጥንት ሰዎች በአምስት በአምስት፥ ምናልባትም በእጅ ጣት፥ ይቈጥሩ እንደ ነበር ያስገምታል። ይህም አቈጣጠር በአራቱም ቋንቋዎች ይገኛል። ለአንድ ግን አውኚ ከሌሎቹ የሚለይ እምፕል የሚል ቃል አለው።

ልዩነቱም የትናንት አይደለም። በ1770 እ.ኤ.አ. የዓባይን ምንጭ ያየው ጄምስ ብሩስ ከመኃልየ መኃልይ ጥቂት ክፍል በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ሲያስተረጕም፥ የዳሞትን አገውና የላስታን አገው ለየብቻ አስጽፏል። ሮበርት ሄትስሮን በ1969 እ.ኤ.አ. ስለ ደቡብ አገው ግሥ መጽሐፍ አሳትሟል። የዛሬ ሊቃውንትም አውኚን በአንድ ወገን፥ ብሊንን፥ ኽምጣንጋንና ቅማንትኛን በሌላ ወገን ይመድባሉ። እንግዲህ የሰቆጣው ቋንቋ ከእንጅባራው ይልቅ ለሩቁ ለከረን ይቀርባል ማለት ነው።

ይህ ለታሪክ ጸሐፊ ችግር ያመጣል። የሰባት ቤት አገው ትውፊት አባቶቹ ሰባት ወንድማማች ሆነው ከላስታ መጡ ይላል። ትውፊቱን አንንቅም። ነገር ግን ፍልሰቱን ከዛጔ መንግሥት ውድቀት፥ ከ1270 እ.ኤ.አ. በኋላ የሚያደርግ ሰው ቢኖር፥ የቋንቋው ርቀት ከዚያ ዘመን የበለጠ ስለሚመስለን አንከተለውም። ምናልባት የመጡት ሰዎች ቀድሞ በአገሩ ከነበሩ አገዎች ጋር ተቀላቅለው ይሆናል።

በደቡባዊ አፍሪካ ተገላቢጦሹን እናያለን። ሶቶ፥ ፔዲና ትስዋና የተባሉት የባንቱ ቋንቋዎች እጅግ ስለሚቀራረቡ ተናጋሪዎቻቸው በብዙው ይግባባሉ። ሆኖም በ1833 እ.ኤ.አ. ወደ ሞሾሾ አገር የገቡት የፓሪስ ሚሲዮናውያን ሶቶን፥ ሮበርት ሞፋት በኩሩማን ትስዋናን፥ የበርሊን ሚሲዮንም ፔዲን በየራሳቸው አጻጻፍ ጻፉ። የ1996ቱም የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ሦስት ቋንቋ አድርጎ መዘገባቸው። በእኛ አገር ግን በንግግር የማይግባቡት በአንድ ስም ሲጠሩ ኖሩ።

በአንጻሩ ከጣና በስተ ምዕራብ ባለው ቆላ የሚኖሩት ኩንፈሎች በስም ስለተለዩ ቋንቋቸውም ሌላ ይመስል ነበር። ተመርምሮ ሲታይ የአውኚ ቀበልኛ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የአውኚ መማሪያ መጽሐፍ ለኩንፈል ልጅ በጥቂት ማቃናት ይሆነዋል እንላለን።

ለቅማንት ልጅ ግን አይሆንም። በ1994 እ.ኤ.አ. ቈጠራ ቅማንት ነኝ ካለው 172,327 ሰው ቋንቋውን አፍ መፍቻዬ ያለው 1,650 ብቻ ነበር።