አሰር

አሰር በእህል፣ በጥራጥሬ፣ በአትክልትና በፍራፍሬ ውስጥ የሚገኝ፣ ትንሹ አንጀት ሊፈጨው የማይችል የምግብ ክፍል ነው፤ በተለምዶ «ፋይበር» ይባላል። «አይፈጭም» የሚለው አባባል ግን ብዙዎችን ያሳስታል፤ እንደገባ የሚወጣ ገለባ ያስመስለዋል።

ትንሹ አንጀት ያቃተውን በትልቁ አንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ከመብላላቱ አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የተባሉ አሲዶች ይገኛሉ። ቡቲሬት የትልቁን አንጀት ግድግዳ ለሸፈኑት ሕዋሳት ዋነኛ የኃይል ምንጭ ነው።

አሰር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ያለው ኢኑሊን ቶሎ ይብላላል፤ ጋዝም ያበዛል። የገብሱ ቤታ ግሉካንም ይብላላል። ሴሉሎስ ግን እምብዛም ሳይነካ ያልፋል፤ ጥቅሙ ሰገራን ማብዛቱ ነው።

ይህን ልዩነት ለማወቅ ተመራማሪዎች ከጤነኛ ሰዎች የተወሰደ ሰገራ በጥብጠው ከአሰሩ ጋር ኦክስጅን በሌለበት ዕቃ ውስጥ ያኖሩታል። ሙቀቱ እንደ ሰውነታችን 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ቆይታው አብዛኛውን ጊዜ 24 ወይም 48 ሰዓት ነው። ከዚያ የወጣው ጋዝ፣ የአሲዶቹ መጠንና የባክቴሪያዎቹ ለውጥ ይለካል።

ብልቃጥ ግን አንጀት አይደለም፤ አሲዱን የሚመጥ ግድግዳም ሆነ የሚዘዋወር ደም የለውም። ስለዚህ «በቤተ ሙከራ የተረጋገጠ» የሚል የምግብ ማስታወቂያ ስታዩ፣ በሰው ላይስ ተሞክሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ የሚተዋወቅ ምግብ ባትገዙም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረውን በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ከሽሮ፣ ከምስርና ከጎመን ማሟላት ይቻላል።