«ከዚያ ነው የጠፋው»፦ ከአንኮበር በር እስከ ኮምፒውተራችን ጀርባ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ገመድ ነው። «ታሪክ አለ ብለን መጥተን ገመድ?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡን። ገመዱን ስንስበው ታሪኩ ተከትሎ ይመጣል።

ነገሩ የጀመረው ደብረ ብርሃን ነው። ያው የተለመደው ብርድ አጥንት ድረስ በገባበት አንድ ጠዋት፣ አንድ ወዳጃችን በከፈታት የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ተኮልኩለን ሻይ እንጠጣለን። አንዲት ልጅ ከአንኮበር በሚኒባስ መጣች። የሥራ ማመልከቻ በኢንተርኔት መሙላት አለባት፣ ቀኑ ደግሞ የመጨረሻው ነው። ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ከታች በስተቀኝ ባለችው ምልክት ላይ ቀይ ኤክስ ተጋድሞባታል።

«ኔትወርክ የለም» አለ ወዳጃችን፣ ሻዩን ፉት እያለ። «ከዚህ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ነው የጠፋው።»

እኛም እንደ አዋቂ ራሳችንን ነቀነቅን። በስልካችን ሞከርን፣ ፎርሙ በስልክ አልከፈት አለ። ልጅቷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቀች፣ ከዚያ መኪና እንዳያመልጣት ወረቀቷን አጣጥፋ ሄደች። ከሄደች በኋላ ቻርጀር ልንሰካ ኮምፒውተሩን ፈቀቅ ስናደርግ ከጀርባው ያለው የኔትወርክ ገመድ እጃችን ላይ ወደቀ። ጫፉ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ተሰብራ ገመዱ ላላ ብሎ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ገፋ አድርገን ሰካነው። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ አለች፣ ቀዩ ኤክስም ጠፋ። ለተወሰነ ጊዜ ማንም ምንም አላለም።

የዚያን ቀን ማታ የጠየቅነው ጥያቄ ይህ ነው፦ ለመሆኑ «ከዚያ ነው የጠፋው» ማለትን ከየት ተማርነው?

በሩ

እስቲ ልጅቷ ወደመጣችበት ወደ አንኮበር እንመለስ። የቦታውን ስም ሽማግሌዎች «የአንኮ በር» እያሉ ይተረጉሙታል። ትርጓሜው እንዳለ ይሁንና፣ አንኮበር በእርግጥም በር ነበረች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ተነስቶ በአፋር በረሃ የሚመጣ ነጋዴ፣ ሚሲዮናዊም ሆነ መልእክተኛ ለሳምንታት ተጉዞ ከአንኮበር ሥር ባለችው በአልዩ አምባ በኩል ነበር ወደ ሸዋ የሚገባው። ያለ ንጉሡ ፈቃድ መግባትም መውጣትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1839 የመጡት ኢሰንበርግና ክራፕፍ፣ በ1841 የመጣው የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስም ያለፉት በዚሁ ሥርዓት ነው።

እንግዲህ ደብዳቤ ልካችሁ መልስ ቢቀርባችሁስ? ምክንያቱ ብዙ ነው። ግመሉ ሞቶ፣ በረሃው ላይ ጦርነት ተነስቶ፣ መልእክተኛው ታሞ፣ ወይም ደብዳቤው በሩ ላይ ቆሞ ፈቃድ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። አንኮበር ላይ ቁጭ ብሎ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። በዚያ ዘመን «ከዚያ ነው የጠፋው» ብሎ መጠበቅ ስንፍና አልነበረም። ሌላ አማራጭም አልነበረም።

ሽቦው

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ መናገሻቸውም አንኮበርና ደብረ ብርሃን አጠገብ ያለችው ልቼ በነበሩበት ዘመን፣ አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ወደ ሸዋ መጣ። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1879 ነው። ይህ ሰው በ1894 የምድር ባቡሩን የሥራ ፈቃድ ከምኒልክ ተቀበለ። የሐረር–አዲስ አበባ የስልክ መስመር ሥራ መጀመሪያ ተብሎ የሚቆጠረውም ያው ዓመት ነው። ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር! ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 ጣልያኖች አዲስ አበባን ከአሥመራ ጋር የሚያገናኝ ሌላ መስመር ዘረጉ።

በነገራችን ላይ «ስልክ» የሚለው ቃላችን ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ ትርጉሙም ሽቦ ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ «ገመድ አልባ ስልክ» ስንል «ሽቦ አልባ ሽቦ» ማለታችን ነው። (ሳቁ፣ ተፈቅዷል።)

ሽቦው ሲመጣ ብልሽቱም አብሮ መጣ። የዘመኑ ጸሐፊዎች ከመዘገቡት ውስጥ እስቲ እንቁጠር፦ ዝሆን ምሰሶው ላይ ሲታከክ ይጥለዋል። ዝንጀሮ ሽቦው ላይ ይንጠለጠላል። የእንጨቱን ምሰሶ ምስጥ ይበላዋል። ሰውም ሽቦውን ቆርጦ አምባር ያሠራበታል። (በእኛ ዘመን የዝሆኑን ቦታ ሲኖትራክ፣ የምስጡን ደግሞ አይጥ ወርሳዋለች።)

ከሁሉም በላይ የገረመን ግን ሌላ ነው። መስመሩ ሲረዝም ድምፅ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ መሐል ላይ ባሉ ጣቢያዎች የተቀመጡ ስልከኞች ከአንዱ ወገን የሰሙትን ለሌላው ወገን በራሳቸው ድምፅ ይደግሙት ነበር። የቴሌ የራሱ የታሪክ ጽሑፍ ይህንን ይመሰክራል። አስቡት! ዛሬ ስዊችና ሪፒተር የምንለውን ዕቃ ሥራ የሚሠራው ሰው ነበር። ጆሮ ላይ ገብቶ በአፍ የሚወጣ ኔትወርክ።

እዚህ ላይ ነው የታሪኩ ቁልፍ ያለው። መስመር በጣቢያ ሲከፋፈል ብልሽትም አድራሻ ያገኛል። አዲስ አበባ ያለው ስልከኛ ሁለተኛው ጣቢያ ሲመልስለት፣ ሦስተኛው ግን ዝም ሲለው፣ የተበጠሰው በሁለቱ መካከል ነው። 477 ኪሎ ሜትር መሄድ አያስፈልግም። አንድ ሰው ከሁለተኛው ጣቢያ ተነስቶ ሽቦውን እያየ ይሄዳል፣ ዝሆኑ የጣለውን ምሰሶ ያገኛል፣ ያቆማል፣ ይቀጥላል። ማለትም፣ «ከዚያ ነው የጠፋው» ከማለት በፊት «ከየት ድረስ ይሰማል?» ብሎ መጠየቅ የዛሬ መቶ ዓመትም ይቻል ነበር። እኛ ደብረ ብርሃን ላይ የጎደለን ይህቺ አንዲት ጥያቄ ናት።

ገመዱ

ከኮምፒውተራችን ጀርባ ያለው ገመድ የዚያው የስልክ ሽቦ የልጅ ልጅ ነው። ውስጡ ያሉት 8 ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ የተገመዱ 4 ጥንዶች ናቸው። ሽቦን በጥንድ መግመድ ድምፅ ከሌላ መስመር ጋር እንዳይደባለቅ ይረዳል። ይህንን ዘዴ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 ለስልክ ብሎ የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። ኢተርኔት የሚባለውን የኮምፒውተር ግንኙነት ሮበርት ሜትካልፍና ጓደኞቹ የጠነሰሱት በ1973 ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚሄደው በወፍራም ገመድ ነበር። በ1990 በተጠመዘዘ የስልክ ዓይነት ሽቦ እንዲሄድ ደረጃ ወጣለት። አገራችን ኢንተርኔት የገባው ደግሞ በ1997 ነው።

እንግዲያው የድሮዎቹ ስልከኞች ያደርጉት እንደነበረው ጣቢያ በጣቢያ እንሂድ። ኮምፒውተራችሁ ላይ ቀይ ኤክስ ስታዩ ተከተሉን።

አንደኛው ጣቢያ መብራቷ ናት። ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት በርታለች? ካልበራች ከሶፍትዌር ጋር አትታገሉ፣ ዊንዶውስም አትጫኑ። ቀይ ኤክስ ብዙውን ጊዜ የሚለው «ገመዱ አልተሰካም» ነው። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ከሆነ ደግሞ «ገመዱ አለ፣ ማዶ ግን አልደረስኩም» ማለቱ ነው። ያን ቀን ኮምፒውተሩ እውነቱን ነግሮናል። ያልሰማነው እኛ ነን።

ሁለተኛው ገመዱ ራሱ ነው። በሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ «ቀጭ» እስኪል ድረስ ስኩት። ስዊቹ መብራት አለው? ሌላ ቀዳዳ ላይ ሞክሩት። ሌላ ገመድ ተውሳችሁ ሞክሩ፤ ከሁሉ ፈጣኑ ምርመራ እሱ ነው። ገመዱ ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። የሽቦዎቹ ቀለም ቅደም ተከተል በሁለቱም ጫፍ አንድ መሆን አለበት። ለ100 ሜጋቢት ፍጥነት ከ8ቱ ሽቦ 4ቱ ይበቃሉ፣ ለ1000 ግን 8ቱም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ «ይሠራል ግን ቀርፋፋ ነው» ስትሉ አንዷ ሽቦ ተበጥሳ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው አድራሻው ነው። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈቱና «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ካያችሁ፣ ኮምፒውተሩ አድራሻ ጠይቆ የሚመልስለት አጥቶ ለራሱ ስም አውጥቷል ማለት ነው። ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት።

አራተኛው በሩ ነው። አዎ፣ በር! ከቤት ወደ ውጭ የሚያወጣውን አድራሻ እንግሊዝኛው ራሱ «ጌትዌይ» ይለዋል፣ ልክ እንደ አንኮበር። በ«ፒንግ» ትእዛዝ አንኳኩት። ከመለሰ፣ ከኮምፒውተራችሁ እስከ በሩ ያለው ሁሉ ደኅና ነው።

አምስተኛው ከበር ማዶ ነው። 8.8.8.8ን «ፒንግ» አድርጉ። እሱ መልሶ ድረ ገጾች በስማቸው ካልተከፈቱ፣ ችግሩ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲ.ኤን.ኤስ. ላይ ነው። በሩ መልሶ ማዶው ዝም ካለ ግን፣ ያኔ ብቻ፣ አፋችሁን ሞልታችሁ «ከዚያ ነው የጠፋው» ማለት ትችላላችሁ። ስልክ ደውላችሁም «እስከ በሩ ድረስ አይተናል» በሏቸው። የሚሰማችሁ ሰው ንግግራችሁን በአንድ ጊዜ ይለያል።

ይኸው ነው። አምስቱ ጣቢያዎች ቢበዛ አሥር ደቂቃ ቢወስዱ ነው። እኛ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጠናል።

ስልክን ማን እንዳስገባ ሁላችንም እናውቃለን፤ የምኒልክን ስም ትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ የኢልግም በመጽሐፍ አለ። መሐል ጣቢያ ላይ ተቀምጠው የሌላ ሰው ቃል በራሳቸው ድምፅ ሲደግሙ የዋሉትን፣ ዝሆን የጣለውን ምሰሶ ፍለጋ በእግራቸው የሄዱትን ግን በስም የሚጠራቸው ስንት ሰው ነው? አገር የተገናኘው ግን ሽቦውን በዘረጉትም፣ በተበጠሰ ቁጥር ተነስተው በሄዱትም ነው።

ወዳጃችን አሁን ከኮምፒውተሩ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጥፏል። «መጀመሪያ መብራቷን እይ» ይላል። ልጅቷ ግን አልተመለሰችም፤ የሚመጣ ሌላ ማስታወቂያ ይኖር ይሆናል፣ ያ ግን አለፈ። ይህንን የምታነብ ከሆነ ይቅርታ እንጠይቃታለን። ከአዲስ አበባ አልነበረም የጠፋው። ከእኛው ነበር፣ ከተቀመጥንበት አንድ ክንድ ርቀት።

ቸር እንሰንብት።